ማተቤን ማንም አልበጠሰውም

አንገቱ ላይ እብጠት ያለበት ሰው ይህን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ወሬ በሰማ ቁጥር ደሙ የሚፈላ ሰውም አብሮ ያንብብ፤ እኔን ሊገድሉኝ የነበሩት እብጠቱና ወሬው ተጋግዘው ነውና። አሁን በሁለት እግሬ ቆሜ፣ ጥግብ ብዬ በልቼ ነው የምጽፈው። ስለዚህ እያነበባችሁ አትዘኑልኝ።

እናኑ እባላለሁ። ትውልዴ ጭልጋ ነው፤ ድንበር ተሻግሬ ገዳሪፍ ከገባሁ ግን አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ሳሉግ ነኝ። እርሻ ለእርሻ እየዞረ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርምና የሚያጭድ የቀን ሠራተኛ በእኛ ዘንድ ሳሉግ ይባላል። ምላሴ ስለታም ነው ይሉኛል፣ ውሸታቸውን አይደለም። በተለይ በእኛ በኩል አልፈው ወደ ሊቢያ የሚሄዱት ልጆች፣ ደላላው አውልቁ ስላላቸው ብቻ ማተባቸውን ሲያወልቁ ካየሁ አለቀላቸው። ነገ እናትህን ካድ ቢልህ ልትክድ ነው ወይ እያልኩ በሰው ፊት አዋርዳቸው ነበር። አንዱን አስለቅሼዋለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ነገሩ የጀመረው በኸሪፍ ነው፤ እዚህ ክረምቱን ሁላችንም ኸሪፍ ነው የምንለው። ድንበሩ ላይ ባለው የእርሻ አገር፣ ፋሽጋ ውስጥ፣ ሰሊጥ እያረምን ሳለ፣ ላቤን ስጠርግ ከቀኝ ጆሮዬ በታች ሽንብራ የምታክል ነገር እጄ ላይ ገባች። ስነካት አታመኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ ትኩሳት ይነሳብኝ፣ ጠዋት ስነሳም ልብሴ በላብ ርሶ ይገኝ ጀመር። ፋሽጋ ላይ ያተኮሰው ሁሉ ወባ ነው። የእርሻው ካምፕ መድኃኒት ሰጪ ሦስት ጊዜ የወባ ክኒን ሰጠኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ውጬ ጨረስኩ፤ ሽንብራዋ ባቄላ ሆነች። ቀሚሴም ሰፋኝ። ሴቶቹ ቀጥነሽ አማረብሽ ሲሉኝ፣ አፈር ልብላና፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የቸገረኝ ማተቡ ነው። ክሩ እብጠቷን እየፈተገ፣ ላብ እየገባበት ቆዳዬን ልጦ አቆሰለው። አላልቼ ልሰረው ብል ክሩ አጭር ነው። ከቤት ስወጣ እናቴ ናት ያሰረችልኝ፣ ከትንሽ የእንጨት መስቀልና ከአንዲት ሰማያዊ ዶቃ ጋር። አንድ ቀን ሲብስብኝ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሄጄ ፈታሁት። ያን ሁሉ ሰው ያዋረድኩ ሴትዮ ባዶ አንገቴን ይዤ እንዴት ሰው ፊት እቀርባለሁ?

ያየችኝ ዘሀራ ብቻ ናት። ዘሀራ የመተማ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፤ አራት ክረምት ጎን ለጎን አርመናል። ባሏ ኢድሪስ ገዳሪፍ ውስጥ በአህያ ጋሪ ውሃ ይሸጣል። አልሳቀችብኝም፣ አልመከረችኝም። አምጪው አለችኝና፣ ክታቧን በምትይዝባት ትንሽ የቆዳ ከረጢት ውስጥ ከክታቧ ጎን ከተተችልኝ። ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት። ዋላሂ ብላ ማለች። እኔም ሻሽ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ብርድ ነው አልኩ። በፋሽጋ ሙቀት ብርድ ነው ስል ሰው ዝም አለኝ፤ ምላሴን ስለሚያውቁ ይሆናል።

ተኩሱ የተነሳው አጨዳው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ነበርን። ደሳለኝና አብዱ እንደ ልማዳቸው ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ገፊሩ፣ በዚያው ዓመት የተቀጠረው የእርሻው ዘበኛ ማለቴ ነው፣ ከትራክተሩ ጀርባ ብቅ አለና መሣሪያውን ወደኛ አዞረ። አንድ ቃል አልተናገረም። ፊት ለፊቱ ስለነበርኩ አፉን አይቼዋለሁ፤ እንደተዘጋ ነው። ደሳለኝ ወደቀ፤ አብዱ ወደቀ፤ ሌሎችም ወደቁ። እኔን ትከሻዬን መታኝ። ዘሀራ በእግሬ ጎትታ፣ ሂላ ከምንለው የሰሊጥ ክምር ጀርባ አስገባችኝ። ደሜን የምታቆምበት ሌላ ጨርቅ ስላጣች ሻሼን ከአንገቴ ፈትታ ትከሻዬን ጠፍራ አሰረችው። ነፍሴን ያተረፈችው እሷ ናት። ባዶ አንገቴ ለሰው የታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ገዳሪፍ ሆስፒታል ስንደርስ ኮሪደሩ ሁሉ ፍራሽ ነው። ከካርቱም ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ከተማዋን ሞልቷት፣ እኛም አልጋ ያገኘነው በማግስቱ ነው። የቆሰሉትን ሊጠይቅ የመጣ አንድ የአገራችን ሰው ቁልቁል አየኝና ፎቶ አነሳኝ። ማተቤ ለዓመታት የተቀመጠበት ቦታ ፀሐይ ሳይነካው ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ቀርቷል፤ እላዩ ላይ ደግሞ ክሩ የላጠው ቁስል አለ። ፎቶው በዚያኑ ቀን በየስልኩ ዞረ። "ማተቧን በጥሶ ተኮሰባት" የሚል ተጽፎበት ነበር። የጻፈው ሰው እኔን አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

ወንድሜ ማስረሻ ከሰሊጥ ገበያ፣ ጆንያ ከሚሸከምበት፣ እየሮጠ መጣ። ታናሼ ነው፤ ቁጡ ነው፤ እኔን ግን እንደ እናቱ ነው የሚያየኝ። አንገቴን አይቶ ተንበረከከ።

"እታለም፣ ማተብሽን በጠሰው?" አለኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልበጠሰውም፣ እኔ ነኝ የፈታሁት፣ ዘሀራ ጋ ነው ማለት ብቻ ነበር። አፍሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ አዎ ያልኩት መሰለውና ጮኾ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ይቸግራል። የገፊሩ ስም የሙስሊም ስም ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። አንዱ ጠያቂ፣ ሰውዬው ክርስቲያን የሆናችሁ ተነሱ ብሎ እንደተኮሰ ይተርክልኛል፤ ለእኔ፣ እዚያው ለነበርኩት! ከወዲያ ማዶ አልጋ ዙሪያ ደግሞ ወሬው ተገልብጦ ነው የሚወራው፤ ሙስሊሞቹን ለማስፈጀት በገንዘብ ተገዝቶ ነው ይላሉ። የድንበር ጉዳይ ነው የሚልም ነበር፣ እብድ ነው የሚልም። ሰውዬው ተይዟል፤ ተናገረ የተባለ ነገር ግን አልሰማንም። በእኛ በኩል የሚለቀሰው ለደሳለኝ ብቻ ሆነ፣ በዚያ በኩል ለአብዱ ብቻ። ከአንድ ሳህን ሲበሉ የሞቱትን ሁለት ሰዎች ሞተው እንኳ ለያዩዋቸው።

እኔ ደግሞ ቅድስት ሆንኩ። የማላውቃቸው ሴቶች ግንባሬን ይስሙኛል። ብርቱካን የሚያመጣው፣ ጠበል የሚያመጣው ብዛቱ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኛል። አሥራ አንድ ዓመት በሰው እርሻ ያጎነበስኩ ሴት፣ ሰው ቆሞ ሲያከብረኝ ደስ አለኝ።

ዘሀራን ግን ማስረሻ ከክፍሉ በር መለሳት። ሁለተኛ እንዳትመጪ አላት። እሷም አልተቆጣችም፤ በየቀኑ አሲዳና ዋይካ፣ ገንፎና የደረቀ ባሚያ ወጥ ማለት ነው፣ ሠርታ አማርኛ ለምታውቀው ለጽዳት ሠራተኛዋ ለሐጃ ትሰጣታለች፤ ሐጃ ደግሞ ለእኔ ታደርሳለች። ዘሀራ የእኛን ጾም ታውቃለች። ረቡዕና ዓርብ ወተት ሳይነካው በዘይት ብቻ ነበር የሚመጣው። ማስረሻ ከእነሱ እጅ አትብዪ ሲለኝ እሺ እላለሁ፤ ሲወጣ እበላለሁ።

የትከሻዬ ቁስል በወሩ ደረቀ። እብጠቱ ግን እንቁላል አከለ፤ ከጎኑም ሌላ ወጣ። አንዱ ሐኪም የጥይቱ ቁስል መግል ቋጥሮ ነው ብሎ መርፌ አዘዘ። መርፌው አለቀ፣ እብጠቱ ቀረ። ሌላው የጥይት ስባሪ ቀርቶ ይሆናል ብሎ ራጅ አስነሳኝ። ምንም ብረት የለም። ሦስተኛው አንገቴን ከፍቶ ሊፈልግ ፈለገ። ማታ ላቡ፣ ቀን ድካሙ፤ ምግብ አልወስድ አለኝ፤ እጄን ሳየው የማላውቀው ሰው እጅ መሰለኝ። ፈራሁ። ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሐኪሞቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ እብጠቱ መቼ ጀመረ? ዐረብኛውን አቀላጥፎ የሚናገረው ማስረሻ ስለሆነ እኔ ሳልተነፍስ እሱ ከጥይቱ ወዲህ ነው ብሎ ይመልሳል። እኔም ዝም። ከጥይቱ በፊት ነው ካልኩ ማተቤ የት ሄደ ሊባል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስሰማ ያደግሁ ሴት፣ በሽታዬን በወሬ ሸፍኜ ተኛሁ።

አንድ ጠዋት የዘሀራ ምግብ ቀረ። ሐጃን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ በኋላ ተናገረች። የእኛ ሠፈር ወጣቶች፣ ማስረሻም ከመካከላቸው፣ ከኢድሪስ ውሃ እንዳይገዛ ብለው ከርመዋል። ትናንት ደግሞ ጋሪውን ገልብጠው በርሜሉን ቀደውታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሳት ይዘን ቤቱ ድረስ እንሄዳለን ብለዋል። ውሃ ብርቅ በሆነባት ገዳሪፍ የሰው ውሃ መድፋት ምን ማለት እንደሆነ የገዳሪፍ ሰው ያውቃል። ዘሀራ ያቺን ከረጢት ከፍታ ብታሳይ ኖሮ ነገሩ በቆመበት ይቀር ነበር። ስለማለችልኝ ዝም አለች።

በዚያው ጠዋት አዲስ ዶክተር መጣች። ራሷም ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ችኩል ያልሆነች ሴት ናት። አንገቴን በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰችና መቼ ጀመረ አለች። ማስረሻ መመለስ ጀመረ። እጇን አንስታ አስቆመችውና ወደኔ ዞረች፤ አንቺ ንገሪኝ አለችኝ። የእኔ ዐረብኛ የእርሻ ዐረብኛ ነው፤ ማጭድ፣ ውሃ፣ እሺ፣ ደከመኝ። ለዚህ ግን በቃ።

"ሚን ኸሪፍ" አልኳት። ከክረምት ጀምሮ ማለት ነው።

ማስረሻ ወደኔ ዞረ። "ጥይቱ በኸሪፍ አልነበረም እኮ፣ እታለም።"

"አልነበረም።"

"ታዲያ ማተብሽስ?"

"እብጠቱን ሲፈትገኝ እኔው ፈታሁት። ዘሀራ ጋ ነው ያለው። ሰውዬው አንገቴን አልነካም፣ ማስረሻ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ወጥቶ ሄደ። ዶክተሯ አማርኛችን አልገባትም፤ ግን ማልቀሴን አይታ ጨርቅ ሰጠችኝና ሐጃን እያስተረጎመች ጥያቄዋን ቀጠለች። የማታ ላብ አለሽ? አዎ። ከስተሻል? እንዴታ። ያን ሁሉ ስትሰማ፣ ከጥይቱ በፊት ከነበረ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው አለች። በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ቀድታ ለምርመራ ላከች። አንገት መክፈቱም ቀረ።

ማስረሻ ሁለት ቀን አልመጣም። እሑድ ጠዋት ሐጃን ክንዴን ያዢኝ አልኳትና ራክሻ፣ ባጃጅ ማለት ነው፣ ተሳፍሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ሲያዩኝ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ተአምር መስሏቸው። እልልታው እስኪበርድ ጠበቅሁ።

ሁሉንም ተናገርኩ። እብጠቱን፣ ቁጥቋጦውን፣ ሻሹን። ማተቤን ማንም አልበጠሰውም አልኩ። ጉርምርምታ ተነሳ። አንዲት ሴት ማተብሽን ፈተሽ ለእስላም ሰጠሽ ወይ ብላ ጮኸችብኝ። አንዱ ደግሞ አስፈራርተዋት ነው አለ። ሌላው፣ እሺ እንግዲያው ምን ብሎ ነው የተኮሰው አለኝ።

"ምንም አላለም" አልኩት። "ለምን እንደተኮሰ አላውቅም። ልቡ ውስጥ አልነበርኩም። የማውቀው ደሳለኝም አብዱም መሞታቸውን ነው። ከአንድ ሳህን ሲበሉ ነው የሞቱት። የምታለቅሱ ከሆነ ለሁለቱም አልቅሱ።"

ያን ጊዜ ማስረሻ በበሩ ገባ። እጁ ላይ የዘሀራ ከረጢት አለ። ዘሀራና ኢድሪስ ከግቢው ውጭ ቆመው ይታዩኛል። ማስረሻ ለሰው እንደተናገረው፣ እኔን ባለማመን በቀጥታ ወደ ዘሀራ ቤት ሄዶ ነበር። ብትለምን፣ ብትቆጣ አንድ ቃል አልነግርህም፣ መሐላ አለብኝ አለችው። እሷው ራሷ ነግራኛለች ብሎ በእናታችን ስም እስኪምልላት ድረስ ከረጢቷን አልከፈተችም።

"ሰሞኑን ጋሪዋን የገለበጥኩባት ሴት ናት" አለ ማስረሻ። "እዩት። የተበጠሰ ክር ነው ይሄ?"

ማተቤን ከፍ አድርጎ አሳየ። የእንጨት መስቀሏ አለች፣ ሰማያዊዋ ዶቃ አለች፣ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ነው። ከእጅ እጅ ዞረ። እያንዳንዱ ጫፎቹን በጣቱ አሻሽቶ ያያል፤ ሰሊጥ ገዢ ፍሬ የሚያይ ይመስል ነበር። የጮኸችብኝም ሴት አየችው። ለሚቀጥለው ሰጠችው። ቄሱ ሲደርሳቸው ተሳልመው ወደኔ መጡና፣ ማተብ እንዲያንቅሽ አልታሰረልሽም፣ ስትድኚ አስርልሻለሁ፣ እስከዚያው ያቆየችልሽ ታቆየው አሉ። ከዚያ ራሳቸው ከግቢው ወጥተው ማተቡን ከረጢቷ ውስጥ ከትተው ለዘሀራ መለሱላት። ከዚያ በላይ ስብከት ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እነዚያው ወጣቶች ኢድሪስ ቤት ሄዱ፣ እንዳሉት። ግን በርሜል ሊያስበይዱ ነው የሄዱት። ማስረሻ ሳምንቱን ሙሉ ከአህያዋ ጎን ሆኖ ውሃ አከፋፈለ፤ ሠፈሩ በሙሉ ወጥቶ አየው። አንዳንዱ ዛሬም ቢሆን ወሬውን አልተወም፤ ከፎቶው ጋር ተጣብቆ የቀረ ሰው አለ። ቢሆንም እሑድ ሊነድ የነበረ ቤት አልነደደም።

የምርመራው ውጤት ቲቢ ሆነ። ቲቢ ሳንባ ብቻ የሚይዝ፣ ሳል ብቻ የሚያመጣ ይመስለኝ ነበር። ንፍፊትንም ይይዛል፤ ያንን የአንገት፣ የብብት እጢ ማለት ነው። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልሳልኩም። ዶክተሯ ይድናል፣ ግን ስድስት ወር ክኒኑን ሳታቋርጪ ነው አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን ሽንቴ እንደ ካርካዴ ቀልቶ ባየው ደም መስሎኝ ሆስፒታሉን በጩኸት ቀወጥኩት። መድኃኒቱ ነው አሉኝ። እናንተም እንዳትደነግጡ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የስድስቱን ወር ክኒን የዋጥኩት በዘሀራ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቴ ቆማ ምላስሽን አውጪ ትለኛለች፣ እንዳልደበቅሁት ልታይ። መደበቅ ትወጃለሽና አላምንሽም ትለኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ላቡ ቆመ። በሦስተኛው ረሃብ መጣ፤ የኢድሪስን ራት ሳይቀር በላሁበት። እብጠቱ ባቄላ ሆነ፣ ሽንብራ ሆነ፣ ከዚያ ብፈልገው ጠፋ። የመጨረሻውን ክኒን የዋጥኩ ቀን ዶክተሯ አንገቴን ዳስሳ ኸላስ አለችኝ፤ አበቃ። እዚያው ወንበሬ ላይ እልል አልኩ፤ ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ዘሀራ ከረጢቷን ይዛ እስከ በሩ መጣች፤ ቄሱ ማተቤን አሰሩልኝ። ትንሽ ጠበበኝ። ወፍሬ ነው።

በቅርቡ ዘሀራ ሾዋክ ያለችውን አክስቷን ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጠች አንዲት የአገራችን ሴትዮ ወሬ ጀመረች። ፋሽጋ ውስጥ አንድ ዘበኛ የአንዲትን ሴት ማተብ በጥሶ፣ አንገቷን ቆርጦ እንደገደላት እያለቀሰች ነገረችን። ነፍሷን ይማር አለች።

"አሜን" አልኳት።

ዘሀራ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሴትዮዋ ተቆጣች፤ በሞተ ሰው ይሳቃል ወይ ብላ። ያን ጊዜ ሻሼን ከአንገቴ ገፈፍኩና ያቺ ሴት እኔ ነኝ አልኳት። አንገቴን አየች፣ ማተቡን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። እጇን ሰድዳ ዶቃዋን ነካቻት።

"ታዲያ ማን በጠሰው?"

ያን ሁሉ ወር አፏን ዘግታ የኖረችው ዘሀራ ከእኔ ቀድማ መለሰች።

"ማንም። እኔ ጋ ነበር።"

ሴትዮዋ እስክትረዳው ሦስት ጊዜ አስደገመችን። ከዚያ ዞር ብላ ከኋላ ለተቀመጡት መናገር ጀመረች፤ እነሱም ለኋለኞቹ። ገዳሪፍ ስንደርስ ሾፌሩ ራሱ ወርዶ አንገቴን ሊያይ መጣ።